ሰባቱ ጥላዎች

መኪናው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፈሪ ነበር። ይህን የምትለው መዝጋቢዋ ናት፤ ስለ ፍርሃቱ ደግሞ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በመሥሪያ ቤቱ አልነበረም። ያለ ሹፌር እንዲሄድ የሚያሠለጥኑት ይህ መኪና ፌስታል ሲበር ባየ ቁጥር ቀጥ ይላል። ከጉድጓድ ክዳን ሥር የሚወጣ እንፋሎት ያቆመዋል። በሱቅ መስተዋት ላይ የራሱን ምስል አይቶ መንገድ ይለቃል። አንድ ጊዜማ ግድግዳ ላይ የተለጠፈች የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ሴት ትሻገር እንደሆነ ብሎ አራት ደቂቃ ሙሉ ጠብቋታል። ሴትየዋ ጥርሷን እያሳየች ቀረች። ከኋላ የተሰለፉት ሹፌሮች ያወረዱትን ስድብ ማይክሮፎኑ አንድም ሳያስቀር ቀድቶት ስለነበር፣ መዝጋቢዋ ያን ቀን ጆሮዋ እስኪቀላ ሰማችው።

ሥራዋ መስማትና ማየት ነበር። ያኔ መሪው ፊት ሰው ይቀመጣል። ሹፌር ይባል እንጂ አይነዳም፤ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ እግሩን ፍሬኑ አጠገብ አድርጎ ይጠብቃል። መኪናው ሲሳሳት መሪውን ይይዛል፣ በከንቱ ሲቆም ደግሞ ፔዳሉን ረግጦ ያሳልፈዋል፤ ወዲያው ቀይ ቁልፍ ተጭኖ ምክንያቱን በአንድ ቃል ይናገራል። ያ ቃል ከዐሥራ ሁለት ሰከንድ ቪዲዮ ጋር መዝጋቢዋ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። እሷም አይታና ሰምታ ከአራት ሣጥኖች በአንዱ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ሰው፣ እንስሳ፣ ዕቃ፣ ጥላ። ጥላ ማለት በእውን የሌለ ነገር ሁሉ ነው፤ እንፋሎቱም፣ ነጸብራቁም፣ የጥርስ ሳሙናዋ ሴትም እዚያ ነው የሚገቡት።

"እርስዎ ሰው ነው ካሉት ሰው ነው፤ ጥላ ነው ካሉት ጥላ ነው" አላት ዋናው መሐንዲስ ሥራ በጀመረች ቀን። "ከእርስዎ ሌላ የሚጠይቀው የለውም።" ሊያበረታታት ብሎ ነው የተናገረው። እሷም ደስ ብሏት ነበር።

ከሹፌሮቹ አንዱ ታላቅ ወንድሟ ነው። እሷ ጋሼ ትለዋለች፤ የቀረው ዓለም ሁሉ ጋሽ ፍሬን ይለዋል። ስሙን ያወጡለት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የሚሳፈሩ ሰዎች ናቸው፤ አውቶቡሱ መቆሙ የሚታወቀው በሩ ሲከፈት ነበርና። ሠላሳ ዓመት ነድቶ ሰው ቀርቶ ድመት አልነካም። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ በዚያ መሪ ነው ያሳደጋት፣ ያስተማራት፣ ለወግ ያበቃት። ሚስት ሳያገባ የቀረውም ቤቱ ጠቦት ነው ይላል፤ እሷ ግን ለማን ሲል እንደ ጠበበው ታውቃለች። ስለዚህ ኩባንያው ጠባየ ሰናይ ሹፌር ሲፈልግ እጁን ይዛ የወሰደችው እሷው ነበረች።

ሌሎቹ ሹፌሮች መኪናውን ይሳደባሉ። እሱ "ልጁ" ነበር የሚለው። "ልጅ ሲፈራ አይቆጡትም" ይላል። "አጠገቡ ቁጭ ብለሽ አይዞህ ትይዋለሽ እንጂ።"

በሦስተኛው ዓመት ግን የልጁ ፍርሃት የመሥሪያ ቤቱ ራስ ምታት ሆነ። ለሙከራ የተሳፈሩ እንግዶች በየሃምሳ ሜትሩ ወደ ፊት እየተወረወሩ፣ የበሉትን ሊመልሱ እየተናነቃቸው ይወርዱ ጀመር። ዋናው መሐንዲስ ነጭ ሰሌዳው ላይ "በከንቱ የቆመበት" ብሎ ጻፈና በየጠዋቱ ቁጥሩን ይሞላ ገባ። ለሁሉም አንድ ትእዛዝ ወረደ፤ ጥላዎችን ሰብስቡ። ጥላ ብዙ ጊዜ ካየ መፍራቱን ይተዋል ተባለ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የወንድሟ ቪዲዮ መጣ። ቦታው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አጥር ሥር ያለው መንገድ ነው፤ አጥሩ ረጅምና ግራጫ ነው፣ መንገዱም የእግረኛ መሄጃ የለውም። መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰና ቆመ። የጋሽ ፍሬን ድምፅ እንደ ወትሮው ረጋ ብሎ "ጥላ" አለ፤ ፔዳሉን ረገጠና አሳለፈው። መዝጋቢዋ ጣቷን ወደ አራተኛው ሣጥን ልካ ነበር። እንዲያው ለወጉ ብላ ደግማ አየችው። በቀኝ በኩል፣ አጥሩ ሥር፣ ግራጫ ቱታ የለበሰ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። አንድ እግሩ አስፋልቱ ላይ ነው። መኪናው በክንድ ርቀት አልፎት ሄደ፤ ሰውዬው ቀና እንኳ አላለም።

ስድስት ጊዜ መልሳ አየችው። ስድስቱንም ጊዜ ሰውዬው እዚያው ነበር።

ምልክት ሳታደርግ ቪዲዮውን አቆየችና ወደ ቤት ገባች። ወንድሟ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል፤ መስመሩን ለመከተል ጭንቅላቱን እንደ ዶሮ ወዲህና ወዲያ ያዞራል። ይህን ልማድ ስንት ጊዜ አይታ ስንት ጊዜ እንደሳቀችበት ትዝ አላት። ሻይ ቀዳችና ብርጭቆውን በቀኝ እጁ አጠገብ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ጋዜጣውን ሲገልጥ በክንዱ ገፋው፤ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

"አንቺ! ምን ነክቶሽ ነው ጫፍ ላይ የምታስቀምጪው?"

ብርጭቆው ጫፍ ላይ አልነበረም። እሱም በእጁ እየዳበሰ ሲያነሳው ይህንኑ አወቀ።

"ጋሼ፣ ዐይንህን ታይተሃል?"

"ኩባንያው በየዓመቱ ያሳየኛል። ከላይ እስከ ታች አንድ ፊደል ሳልስት አንብቤ ነው የወጣሁት።"

"ፊደሎቹ እኮ መሐል ላይ ናቸው።"

ጋዜጣውን አጠፈ፤ መልሶ ዘረጋ፤ እንደገና አጠፈ። "ዳር ዳሩ ትንሽ ጨለምለም ይልብኛል" አለ በመጨረሻ። "የዕድሜ ነው። መሐሉ ጥርት ያለ ነው፣ መስተዋት በይው። ለማንም እንዳትተነፍሺ፣ እሺ? መሪውን ከነጠቁኝ ምን እሆናለሁ? በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ዝንብ ልቁጠር?" ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ ከአንገት በላይ ነበር። እሷ ይህን ሰው ሲለምን አይታው አታውቅም።

ስለ ሰውዬውና ስለ ጫማው ክር አልነገረችውም። ብትነግረው በማግስቱ ራሱ ሄዶ መታወቂያውን እንደሚያስረክብ ታውቃለች፤ እሱ እንደዚያ ነው። ጠዋት ቢሮ ገባችና ቪዲዮውን ከፈተች። "ሰው" ብላ ምልክት ብታደርግ ሹፌሩ ለምን እንዳላየ ይጠየቃል። ጣቷ አልታዘዝ አላት። ማንም አልተነካም እኮ፣ አለች ለራሷ። ከዚያ "ጥላ" የሚለውን ነካች።

ሁለተኛው ዳቦ የያዘ ሽማግሌ ነበር። ሦስተኛው አጥሩን ተደግፎ ሲጋራ የሚያጨስ ዘበኛ፣ አራተኛውና አምስተኛው በአንድ ሳምንት የመጡ የመንገድ ጠራጊዎች። ስድስተኛውን ፊቱን አላየችውም። ሁሉንም መኪናው አይቷቸው ቆሟል። ሁሉንም ጋሽ ፍሬን በዚያ በረጋ ድምፁ "ጥላ" ብሏቸዋል። ጣቷም ከቀን ወደ ቀን ማንገራገሩን ተወ። እሷን የሚያስፈራት ወንድሟ አንድ ቀን ሰው ይገጭ ይሆናል የሚለው ነበር። መኪናው ምን እየተማረ እንደሆነ አላሰበችም። በየጠዋቱ ሰሌዳውን እያየች፣ ቁጥሩ እየወረደ፣ ነገሩ ከነጭራሹ ወደ አእምሮዋ አልመጣም። በኋላ ለራሷ ይቅር ማለት ያልቻለችው ይህን ነው።

ሰባተኛዋ በዚያው አጥር ሥር የምትሄድ ሴት ነበረች፤ ትንሽ ልጅ በእጇ ይዛለች። መኪናው ቆሞላቸዋል። ልጅቷ እንደቆመላቸው ገብቷት እጇን አውለበለበችለት። "ጥላ" አለ ጋሽ ፍሬን፤ አሳለፈው። የእናቲቱ ቀሚስ በመኪናው ነፋስ ተገለበ።

መዝጋቢዋ ምልክቱን አደረገች። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብታ አስመለሳት።

ያን ቀን ከወንድሟ ፊት ለፊት ተቀምጣ "ጋሼ፣ በቃህ" አለችው።

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋህም። ደክመሃል። በቃህ፣ በሞቴ።"

"የነካሁት ሰው አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ?"

አለቀሰች። እሱ የእሷን እንባ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አይችለውም። በሳምንቱ ወገቤን አሞኛል ብሎ ሥራውን ለቀቀ። ዋናው መሐንዲስ ሁሉንም ሰብስቦ ንግግር አደረገ። "ይህ መኪና ትዕግሥትን የተማረው ከጋሽ ፍሬን ነው" አለ፤ የኩባንያው ምልክት ያለበት ግራጫ ካፖርትም አለበሰው። ሁሉም አጨበጨቡ። መዝጋቢዋም አጨበጨበች።

ጥቂት ወራት ቆይቶ በፋብሪካው አጥር መንገድ "በከንቱ የቆመበት" ዜሮ ሆነ። መሐንዲሱ ኬክ አስመጣ። መኪናው አሁን ልጅ አይደለም፣ ጎረመሰ ተባለ። መዝጋቢዋም በላች፤ ኬኩ ጣፋጭ ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። በልጁ ትምህርት የሚሄዱት መኪኖች ሃምሳ ደረሱ፤ ከፊት የሚቀመጠው ሰውም ቀረ። ከቪዲዮው ጋር የሚመጣ የሹፌር ድምፅ የለም፤ ያየውን ራሱ መኪናው ይጽፋል፣ መዝጋቢዋ የምታየው ሰው ተጠራጥሮ የላከላትን ብቻ ነው። የጋሽ ፍሬን ዐይን ግን ከዳር ወደ መሐል እየጨለመ መጥቶ፣ የቀረው በቁልፍ ቀዳዳ የሚያዩት ያህል ነበር። ሐኪሙ ግላኮማ ነው፣ በጊዜ ብትመጣ ኖሮ አለ። ያን "ኖሮ" እሷ ብቻ ነበረች የሰማችው፤ እሱ ከነርሷ ጋር ይቀልድ ነበር።

በረንዳ ላይ ዝንብ መቁጠሩን ግን እንቢ አለ። በየጠዋቱ ካፖርቱን ደርቦ ይወጣል፤ የሚሄደውም በፋብሪካው አጥር ሥር ነው። ሌላ መንገድ አላምንም ይላል። ያንን መንገድ በአውቶቡስም በልጁም ስለተመላለሰበት ስንጥቁን ሁሉ ያውቀዋል። አጥሩን በቀኝ እጁ እየዳበሰ እስከ ፋብሪካው በር ሄዶ ይመለሳል።

አንድ ቀን ግራ ክንዱን በቀኝ እጁ ታቅፎ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምሰሶ ገጨሁ" አለ። "አይገርምሽም? ሠላሳ ዓመት በመኪና ያልገጨሁትን ዛሬ በእግሬ ገጨሁ!"

አጥንቱ ተሰንጥቋል፤ ጄሶ አሰሩለት። ጄሶውን ላየ ሁሉ ያቺን ቀልድ ይነግራል፤ ጎረቤቱም፣ ሐኪሙም፣ ዳቦ ሻጩም ሳቁለት። እሷም ሳቀች። በዚያ አጥር ሥር ምሰሶ ትዝ አላላትም፤ አዲስ ተክለው ይሆናል ብላ ተወችው።

በሦስተኛው ቀን አንድ ቪዲዮ ጠረጴዛዋ ላይ ደረሰ። ከጋራዡ ነው የተላከው፤ ከመኪኖቹ አንዱ የቀኝ ስፖኪዮው ታጥፎ ስለገባ ሜካኒኮቹ ምን እንደነካው ለማወቅ ፈልገዋል። ከፈተችው። ግራጫ አጥር። ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ቀኝ እጁን አጥሩ ላይ አድርጎ፣ ሳይቸኩል ይሄዳል። መኪናው ድምፅ የለውም። ፍጥነቱን አልቀነሰም። አንድ ትንሽ "ጧ" የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ሰውየው ከካሜራው ወጣ፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ ቀጠለ። ከታች መኪናው ያየውን ጽፏል።

ጥላ። እርግጠኛነት፣ ከመቶ ዘጠና ስድስት።

ደግማ አላየችውም፤ የወንድሟን ጀርባ ታውቀዋለች። ፈሪውን ልጅ ያደፋፈሩት እነሱ ናቸው፤ አንዱ ባለማየቱ፣ አንዷ አይታ። መኪናው ትክክል ነበር። ሰባት ጊዜ ሰው አይቶ ሰባት ጊዜ ቆሟል፤ ሰባት ጊዜ ዐይንህ ዋሽቷል ብለውታል።

"ሰው" የሚለውን ሣጥን ነካች። የሰባቱን ቀንና ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፈችና የዋናውን መሐንዲስ በር አንኳኳች። ሁሉንም ነገረችው፤ የወንድሟን ዐይንም፣ የጫማውን ክርም፣ ያውለበለበችውን ልጅም። ልትባረር፣ ልትከሰስ ተዘጋጅታ ነበር። እንዲያውም ያንን ፈልጋው ነበር ማለት ይቻላል።

መሐንዲሱ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ደክሞታል።

"ሰባት?" አለ። "እስካሁን ስንት ጥላ እንደሰበሰብን ያውቃሉ? አራት መቶ ሺህ። ከሰባት አይማርም።"

"ከየት ተማረ ታዲያ?"

"አላውቅም። ከሰባቱም ሊሆን ይችላል፣ ከአራት መቶ ሺውም። ማንም ሊነግርዎ አይችልም።"

"ያውጡልኝ። ሰባቱን አውጥተው ይጣሉልኝ።"

"ሻይ ውስጥ የሟሟ ስኳር እንዴት ይወጣል? እንዳለ ደፍቶ እንደ አዲስ ማፍላት ነው።" ዐይኑን አሸ። "እንደ አዲስ የሚሠለጥነው ሥሪት የሚደርሰው ከስምንት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ መኪኖቹን ማቆም የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ ለበላይ እጽፋለሁ። ለጋሽ ፍሬን ግን የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል።"

"እኔ እነግረዋለሁ" አለች።

መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ሄደች። ደረጃውን ስትወጣ በቃሏ ይዛው ነበር። ወንድሟ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጄሶውን ትራስ ላይ አሳርፏል፤ ከሰዓት በኋላ ያለችው ፀሐይ ፊቱ ላይ ወድቃለች፣ እሱ ግን ዐይኑን አልጨፈነም።

"ጋሼ፣ የመታህ ምሰሶ አይደለም።"

"አውቃለሁ" አለ።

ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች።

"ምሰሶ ነፋስ አለው? ሹፌር እኮ ነኝ፣ እኔ። ልጁ ነው። በጎኔ ሲያልፍ ጎማው አስፋልቱ ላይ ሲሽከረከር ሰማሁት።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንዳይቀጡት ብዬ ነው ምሰሶ ያልኩት። ያንቺም እንጀራ ነው። ካልተናገርሽ እኔም አልናገርም።"

እሱም ሲደብቅላት ነበር የሰነበተው።

"አንድ ነገር ግን አልገባኝም" ብሎ ቀጠለ። "እኔ ስተወው ፈሪ ነበር። ሰው አይቶ የሚያልፍ ልጅ አልነበረም። ማን አደፋፈረው?"

ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀመጠች። እሱም ጭንቅላቱን ቀስ ብሎ፣ በዚያች ቀዳዳ ፊቷን እስኪያገኛት ድረስ አዞረ።

"ያን ጊዜ አጥሩ ጋ..." አለ። "ልጁ ሲቆምብኝ... እነዚያ ጥላ ያልኳቸው። ጥላ ነበሩ?"

እውነቱ አፏ ውስጥ ነበር። መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ቃል በሙሉ እዚያው ነበር። የትንሿ ልጅ እጅ ሲውለበለብ ታያት፤ ከዚያ ደግሞ ትራሱ ላይ ያረፈውን የወንድሟን እጅ አየችው።

"ጥላ ነበሩ፣ ጋሼ" አለች።

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ትከሻው ወረደ፤ ፊቱ ላይ ያ ድሮ አውቶቡሱን ጣቢያ አስገብቶ ሞተር ሲያጠፋ የምታውቀው እፎይታ ታየ።

"ተመስገን" አለ። "እንግዲያው ልጁ አንድ ቀን ስቶት ነው። ማን የማይስት አለ። ካፖርቴን ካጠብሽው መልሰሽ እዚያው መስቀያው ላይ አድርጊልኝ፤ ነገ በጠዋት ወጣ ብዬ አጥሩ ድረስ እሄዳለሁ።"